አሥር ዓመት የሚታገሥ ደዌ

ድንገት ደርሰው ሰውን የሚጥሉ ደዌያት እንዳሉ ሁሉ፣ ዓመታት ታግሠው የሚመጡም አሉ፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከእነዚህ ከኋለኞቹ ወገን ነው። መነሻው በአንጀት ውስጠኛ ገጽ ላይ የምትበቅል፣ ሐኪሞች ፖሊፕ የሚሏት ትንሽ ሥጋ ናት። ፖሊፕ አብዛኛውን ጊዜ ሳትከፋ የምትቀር ብትሆንም፣ የምትከፋይቱ ወደ ካንሰርነት እስክትለወጥ ድረስ አሥር ዓመት ያህል ትቆያለች። ዕድሜ ለንስሐ በተሰጠበት በዚህ ዘመን ውስጥ ደርሶ የነቀላት ሐኪም በሽታውን ገና ሳይፀነስ ያስቀረው ማለት ነው። እንግዲህ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ900,000 በላይ ሰዎች በዚህ ደዌ መሞታቸው የሚያስቆጨው፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሊድኑ ይችሉ ስለ ነበር ነው።

ጥበቡ ዛሬ የተገኘ አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በቤት እስራኤል ሆስፒታል ዊልያም ዎልፍና ሂሮሚ ሺንያ የተባሉ ሐኪሞች፣ ኮሎኖስኮፕ በሚባለው ተጣጣፊ ቱቦ የአንጀትን ውስጥ እየተመለከቱ፣ ፖሊፒቱን በቀጭን ሽቦ ማነቆ አንቀው፣ በኤሌክትሪክ ኃይል እየቆረጡ፣ ሆድ ሳይቀደድ ማውጣት ጀመሩ። ተመርማሪው በዋዜማው እህል ሳይቀምስ ይውልና አንጀቱን የሚያጥብ መድኃኒት ይጠጣል፤ በማግሥቱም ምርመራው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ያበቃል። ከዚህ የቀለለውም መንገድ አለ፤ ይኸውም ሰው በቤቱ ሆኖ ከሰገራው ጥቂት በትንሽ ዘንግ ነክቶ፣ በብልቃጥ ከድኖ ወደ ላቦራቶሪ የሚልክበት፣ ዓይን የማያየው ደም የሚገኝበት ምርመራ ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆኑ ከ46,000 የሚበልጡ ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት በ1993 ሲታተም፣ በየዓመቱ ሰገራቸውን ያስመረመሩት በዚህ ካንሰር የመሞታቸው መጠን በሲሶ ቀንሶ ተገኘ። እንግሊዝም ከ2006 ጀምራ የሰገራ መመርመሪያውን በፖስታ እስከ ዜጎቿ ቤት ድረስ መላክ ያዘች።

የምርመራው ዕድሜ ለብዙ ዘመን 50 ዓመት ተብሎ ቢቆይም፣ ደዌው በጎልማሶች ላይ እየበረታ በመሄዱ የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በ2018፣ የአገሪቱም የመከላከል ሕክምና መካሪዎች በ2021 ወደ 45 ዝቅ አደረጉት፤ የፊልም ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን በ43 ዓመቱ በዚሁ ሕመም ያረፈው በ2020 ነበር። ወላጁ ወይም ወንድሙ በዚህ ደዌ የተያዘበት ሰው ግን ከ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ እንዲጀምር ይመከራል። ምክሩ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩት ወገኖቻችንም የተሰጠ ነው።

በእኛ ዘንድ ግን ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚል መጽናኛ ሰንብቷል። በኡጋንዳ የሠራው ስመ ጥሩ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ዴኒስ በርኪት፣ በ1971 የአፍሪካ ገጠሬ አሰር የበዛበት እህል ስለሚበላ በዚህ ካንሰር እምብዛም አይጠቃም ሲል መጻፉ እውነት ነው። ዳሩ ግን የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ የአንጀት ካንሰር በከተማይቱ ወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በግንባር ቀደምነት ተሰልፎ ተገኝቷል።

ሕመምተኛው ወደ ሐኪም የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ደም ያየ ሰው «ኪንታሮት ነው» ብሎ ለራሱ ይፈርድና ቅባት ገዝቶ ይቀመጣል፤ ተቅማጡን አሜባ፣ ድርቀቱን የምግብ ጠባይ፣ ክሳቱን ሐሳብ ያደርገዋል። በአሜሪካ መዝገብ ደዌው ከአንጀት ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ አምስት ዓመት ተሻግረው ሲኖሩ፣ ወደ ጉበትና ወደ ሌላ ብልት ከተዛመተ በኋላ ግን ይህን የሚያገኘው ከሰባቱ አንዱ ያህል ብቻ ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለዚህ ነው። ደግሞም ስለ አንጀታችን ከመናገር የሚያግደን ሐፍረት የአባቶች ውርስ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ እነርሱ በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ ጌታውም ሎሌውም በግልጽ ይናገሩት ነበርና፣ ኮሶ የጠጣ ሰው ከአደባባይ ቢቀር የሚነቅፈው አልነበረም። ለአንጀቱ ቀን ቆርጦ መስጠትን የሚያውቅ ሕዝብ የዛሬውን ምርመራ እንደ ባዕድ ነገር ሊቈጥረው አይገባም ነበር።

አገር አቀፍ የአንጀት ምርመራ መርሐ ግብር ገና አልተዘረጋልንም፤ የመንግሥት የካንሰር ዕቅድ ቅድሚያ የሰጠው ለጡትና ለማኅፀን በር ካንሰር ነው። ኮሎኖስኮፕ በጥቂት ሆስፒታሎች ብቻ በሚገኝበት አገር፣ ብልቃጡን ለሁሉ ማደል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ደም የተገኘበትን ሰው የሚቀበል መሣሪያና ባለሙያ ከሌለ፣ ምርመራው ጭንቀት አትርፎ ይቀራልና። ስለዚህ ከምልክቱ መጀመር ይገባል። ዕድሜው 45 ያለፈና ደም ያየ፣ የሆዱ ጠባይ ሳምንታት ሙሉ የተለወጠበት፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ያገኘው ሰው ኪንታሮት ተብሎ ከመሰናበቱ በፊት ጓንት ባጠለቀ ጣት ይመርመር፤ ወደ ፊንጢጣ የቀረበው እጢ በዚሁ ሊገኝ ይችላልና፤ ባይገኝም ለኮሎኖስኮፕ ይላክ። ይህን ለመጀመር ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጤና ጣቢያው ጓንቱ አለው። የሚቀረው ጤና መኮንኑ ሳያፍር እንዲጠይቅ፣ ሕመምተኛውም ሳያፍር እንዲመልስ ማስተማር ነው።