የግእዝ አኃዝ አነባበብና አጻጻፍ፤ ከሮማ አኃዝ ጋር በማነጻጸር

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከሚጠራባቸው ሁለት ቃላት አንዱ፣ «ቀራንዮ»፣ ከግሪክኛ ተነሥቶ በግእዝ ወንጌል በኩል ወደ ቋንቋችን የገባ ነው፤ ፍችውም «የራስ ቅል» ማለት ነው። የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በሚገኝበት በዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው የሰፈሩን ስም ምንጭ ከወንጌል ለማየት ቢሻ፣ ቦታው ሉቃስ ፳፫፥፴፫ ነው። ይሁን እንጂ ምዕራፍና ቍጥሩ በግእዝ አኃዝ የታተመበትን መጽሐፍ ቅዱስ ቢያገኝና እነዚህን ምልክቶች ለይቶ ባያውቅ፣ ፊደሉን እያነበበ ቦታውን ያጣዋል። ይህ ጽሑፍ የቀረበው የአኃዙን ሥርዐት ለማብራራትና በአጠቃቀሙ ረገድ የሚታዩትን ስሕተቶች ለማመልከት ነው።

በቅድሚያ ሁለቱን ቃላት መለየት ይገባል። «ቍጥር» ስንል የነገርን ብዛት ወይም ተራ ማለታችን ሲሆን፣ «አኃዝ» ስንል ያ ብዛት በጽሕፈት የሚገለጥበትን ምልክት ማለታችን ነው። ስለዚህ ሃያ ሦስት አንድ ቍጥር ነው፤ ፳፫ እና 23 ግን የዚያው ቍጥር ሁለት ልዩ ልዩ የአኃዝ አጻጻፎች ናቸው።

የግእዝ አኃዝ ምልክቶች የተገኙት ከግሪክ ፊደላት ነው። ግሪኮች ፊደላቸውን ለቍጥርም ያውሉት ስለ ነበር፣ አክሱማውያን ምልክቶቹን ወስደው በራሳቸው የአጻጻፍ መልክ አስተካከሏቸው። ከላይና ከታች የሚሰመሩት አግዳሚ መስመሮችም አኃዙን ከፊደል ለመለየት ያገለግላሉ። በ4ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዒዛና ዘመን በተቀረጹት የአክሱም ጽሑፎች ውስጥ የምርኮኞችና የከብቶች ብዛት በአኃዝ ተመዝግቦ ይገኛል። እንግዲህ «ቀራንዮ» የሚለው ቃልና አኃዙ ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው።

ምልክቶቹ በጠቅላላው 20 ናቸው። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉት ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፭፣ ፮፣ ፯፣ ፰፣ ፱፤ ከዐሥር እስከ ዘጠና ያሉት ፲፣ ፳፣ ፴፣ ፵፣ ፶፣ ፷፣ ፸፣ ፹፣ ፺፤ የመቶ ምልክት ፻፣ የእልፍ ማለትም የ10,000 ምልክት ደግሞ ፼ ነው። የመጨረሻው ሁለት የመቶ ምልክቶች ተጋጥመው የተሠራ መሆኑን ልብ ይሏል፤ መቶ ጊዜ መቶ እልፍ ነውና። ለዜሮም ሆነ ለሺህ የተለየ ምልክት የለም።

የሮማ አኃዝም ዜሮ የለውም፤ በአሠራሩ ግን ከግእዙ ይለያል። ሮማውያን በሰባት ፊደላት ይጠቀማሉ፤ እነርሱም አይ (1)፣ ቪ (5)፣ ኤክስ (10)፣ ኤል (50)፣ ሲ (100)፣ ዲ (500) እና ኤም (1000) ናቸው። ሌላው ቍጥር ሁሉ የሚጻፈው እነዚህን በመደጋገም፣ እንዲሁም ትንሹን ከትልቁ በፊት አስቀድሞ በመቀነስ ነው፤ አራት ለማለት አይ ከቪ በፊት ይጻፋል። ግእዝ ግን ለያንዳንዱ አሐድና ለያንዳንዱ ዐሥር የራሱን ምልክት ስለ ሰጠ አይቀንስም፤ አሐዱን ወይም ዐሥሩንም እየደጋገመ አይጽፍም። የዐድዋ ድል የተገኘበት 1888 ዓ.ም. በሮማ አኃዝ ቢጻፍ 13 ፊደላት ይፈጃል፤ በግእዝ ግን ፲፰፻፹፰ ተብሎ በአምስት ምልክቶች ይጠናቀቃል።

አጻጻፉ እንደሚከተለው ነው። ቍጥሩ ከቀኝ ወደ ግራ በሁለት በሁለት ቤት ይከፈላል። እያንዳንዱ ጥንድ በዐሥርና በአሐድ ምልክቶቹ ይጻፋል። ከመጨረሻው ጥንድ በፊት ፻፣ ከዚያ በፊት ፼ በየተራ ይገባሉ። በዚህም መሠረት 7084 በ70 እና በ84 ተከፍሎ ፸፻፹፬ ይሆናል። 12,345 ደግሞ በ1፣ በ23 እና በ45 ተከፍሎ ፼፳፫፻፵፭ ይሆናል። በቍጥሩ መጀመሪያ ላይ ፻ ወይም ፼ ብቻውን ሲቆም ፩ አይቀድመውም፤ 105 ስንጽፍ ፻፭ እንላለን። 1000 ፲፻፣ 100,000 ፲፼፣ አንድ ሚሊዮን ደግሞ ፻፼ ነው።

ይህ አከፋፈል በንግግራችንም ውስጥ ሕያው ነው። ፲፰፻፹፰ን በግእዝ ስናነብ «ዐሠርቱ ወሰመንቱ ምእት ሰማንያ ወሰመንቱ» እንላለን፤ በአማርኛም ዓመተ ምሕረቱን «ዐሥራ ስምንት መቶ ሰማንያ ስምንት» ብሎ የሚጠራ ሰው፣ አኃዙን ባያውቀውም እንኳ የአኃዙን ሥርዐት ተከትሎ ይናገራል።

ዋነኛው ስሕተት የሚመነጨው የግእዙን አኃዝ እንደ ዓረቡ በቤት የሚሠራ አድርጎ ከማየት ነው። 1974ን በየቤቱ ተርጕሞ ፩፱፯፬ ብሎ የሚጽፍ ሰው አራት የተለያዩ ቍጥሮችን ደረደረ እንጂ ዓመቱን አልጻፈም፤ ትክክለኛው ፲፱፻፸፬ ነው። እንዲሁም 2010 ለማለት ፪፻፲ ብሎ መጻፍ 210 ማለት ይሆናል፤ ትክክለኛው ፳፻፲ ነው። በመቃብር ወይም በመሠረት ድንጋይ ላይ የተቀረጸ እንዲህ ያለ ስሕተት ጸሓፊው ካለፈ በኋላ የሚያርመው አይገኝም። ፮ን ከ፯ ያልለየ አንባቢም የአንድ ዓመት፣ ፷ን ከ፸ ያልለየ ደግሞ የዐሥር ዓመት ስሕተት በታሪክ ላይ ይጨምራል። 20ዎቹ ምልክቶች በ1999 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ፊደል ጋር በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ ስለ ገቡ በኮምፒዩተርና በስልክ ሊጻፉ ይችላሉ፤ መሣሪያው ግን ምልክቱን ይሰጣል እንጂ ሥርዐቱን አያስተምርም።

በትርጕም ሥራ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የአውሮጳ ጸሓፊዎች ከነገሥታት ስም በኋላ የሚያስከትሉትን የሮማ አኃዝ በአማርኛ እንዴት እንግለጠው? ቋንቋችን ለዚህ የተዘጋጀ ስያሜ አለው፤ ቀዳማዊ፣ ዳግማዊ፣ ሣልሳዊ፣ ራብዓዊ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ዳግማዊ ምኒልክ የምንለው በዚህ ነው። ተራው ከፍ ሲል «ኛ» ይጨመርና ሉዊ ፲፬ኛ ይባላል። የላቲኑን ፊደል እንዳለ መገልበጥ ግን አንባቢውን ከማደናገር በቀር ጥቅም የለውም።

በሒሳብና በንግድ ሥራ የዓረቡ አኃዝ ቀላል መሆኑን እንቀበላለን፤ የግእዙን በዚያ ቦታ እንተካው አንልም። የምንለው በምዕራፍ፣ በቀንና በዓመተ ምሕረት፣ በሐውልትና በመሠረት ድንጋይ ላይ የሚጽፈው ሁሉ በሥርዐቱ ይጻፍ፤ መምህራንም ፊደልን ሲያስቈጥሩ አኃዙን ከነአከፋፈሉ ያስተምሩ ነው። 20 ምልክቶችንና አንድ የአከፋፈል ደንብ ያወቀ ልጅ የአያቶቹን ዘመን ከድንጋይና ከብራና ላይ ራሱ አንብቦ ይረዳል።