ማዕድ ቤትን ከምጣዱ ተነስቶ መንደፍ

ቤት የሚሠራ ወይም የሚያድስ ቤተሰብ ለሳሎኑ የሚጨነቀውን ያህል ለማዕድ ቤቱ ሲጨነቅ እምብዛም አይታይም። ማዕድ ቤቱ ትኩረት ያገኘ እንደሆነም ክርክሩ በአመዛኙ በቁም ሳጥኖቹ ቀለምና በእብነ በረዱ ዓይነት ላይ ያርፋል። በቤቱ ምን እንደሚበስል፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበስልና ማን እንደሚያበስለው አስቀድሞ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ማዕድ ቤትን ከሥራው ተነስቶ መንደፍ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ በ1926 ለጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ መኖሪያ ቤቶች የነደፉት ማዕድ ቤት 1.9 በ3.4 ሜትር ገደማ ስፋት የነበረው ሲሆን፣ የባቡር ምግብ ፉርጎዎችን ማዕድ ቤት አሠራርና የአብሳይዋን እርምጃ በማጥናት የተዘጋጀ ነበር። በ10 ሺህ ገደማ ቤቶች የተተከለው ይህ ንድፍ በኋላ ለተስፋፋው ዘመናዊ ተገጣጣሚ ማዕድ ቤት መነሻ ሆኗል። ልኩ ግን ለአንዲት አብሳይ፣ ለምድጃና ለድስት የተወሰደ በመሆኑ እንጀራ ወደሚጋገርበት ቤት እንዳለ ሲገለበጥ አይገጥምም።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተገነቡት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ነዳፊዎቹ ጉዳዩን አልዘነጉትም። ለማብሰያ፣ ለእርድና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ መጠቀሚያ ሕንፃ በየግቢው እንዲኖር አድርገዋል። ይሁን እንጂ በአራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ሊጡን በባልዲ፣ ምጣዱን በእጁ ይዞ እየወረደ፣ ጋግሮም እንጀራውን ተሸክሞ እየወጣ ብዙ ሊቆይ አይችልም። በመሆኑም ምጣዱ ወደ በረንዳው፣ ወደ መተላለፊያው ወይም ወደ ጠባቧ ማዕድ ቤት መግባቱ አልቀረም።

ችግሩ ቦታ ማጣበቡ ብቻ አይደለም። 3 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ይህም በተራ ሶኬት ላይ፣ ይልቁንም በማራዘሚያ ገመድ ከማቀዝቀዣ ጋር ተጋርቶ፣ ለሰዓታት ሊጫን የሚገባው ጭነት አይደለም። ሶኬት የሚቀልጠውና እሳት የሚነሳው በእንዲህ ያለው አሠራር ነው። ስለሆነም ለምጣዱ ራሱን የቻለ መስመርና ማቋረጫ በባለሙያ ሊዘረጋለት ይገባል።

የምጣዱ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ወገኑ የሊጡ ዕቃ፣ በሌላው ወገን ሰፌዱ የሚያርፍበት ቦታ ይፈልጋል። አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት መስኮት ካላገኘ ግድግዳውን ያሻግታል፤ የላይ ቁም ሳጥን በምጣዱ አናት ላይ መስቀልም ቁም ሳጥኑን በፈቃድ ማበላሸት ነው። የምጣዱ ገጽ ከጋጋሪዋ ክርን ዝቅ ማለት ሲኖርበት፣ በተለመደው የ90 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን ትከሻን ያደክማል። አብሲት የሚጣልበት ምድጃ በቅርብ ሊኖር፣ ሊጡም እስኪቦካ 2 ወይም 3 ቀን ሳይነካካ የሚቆይበት ጥግ ሊታሰብለት ያስፈልጋል።

እንጀራ ገዝቶ የሚበላ ቤተሰብ በአንጻሩ ይህ ሁሉ አያሻውም። የዚህ ቤተሰብ ዋነኛ ሥራ ወጥ ከሆነ ሽንኩርቱ ለረጅም ጊዜ ሲቁላላ ሽታውን የሚያስወጣ መስኮትና ሰፊ የመክተፊያ ቦታ ይበልጥ ይጠቅሙታል። የጾምና የፍስክ ዕቃ የሚለይ ቤት ሁለት መደርደሪያ ይሻል። ቡና ወለል ላይ በከሰል የሚፈላ ከሆነ ደግሞ ስፍራው በረንዳ ወይም በሚገባ አየር የሚተላለፍበት ክፍል መሆን አለበት። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚያመነጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው።

በርካታ የግል ቪላዎች መፍትሔውን ያገኙት በሁለት ማዕድ ቤት ነው፤ ያማረው ከውስጥ፣ የሚሠራበት ከጓሮ ሰርቪስ። አቅሙ ላለው የማይነቀፍ ቢሆንም፣ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል መሆኑ አይካድም። በማኅበር ተደራጅተው ለሚገነቡ የመንግሥት ሠራተኞች የሚበጀው ንድፉ ከመጽደቁ በፊት እያንዳንዱ ቤተሰብ የሁለት ሳምንት የማብሰል ልማዱን፣ ማለትም የበሰለውን፣ ያበሰለውን ሰውና የፈጀውን ሰዓት መዝግቦ ለአርክቴክቱ ማቅረብ ነው። ቁም ሳጥን በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥ ይችላል። የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ የጭስና የእንፋሎት መውጫው እንዲሁም የውኃ ማስወገጃው ግን ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መወሰን አለባቸው።