የስኳርና የደም ግፊት ታማሚዎች መዝገብ በኮምፒውተር ሲያዝ

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመላለሰው ዕድሜ ልኩን ለሚቆይ ክትትል ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ልኬት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ግፊትዎ ዛሬ 150/95 ቢሆን ባለሙያው ማወቅ የሚፈልገው ባለፈው ወር ስንት እንደነበረ፣ መድኃኒቱ መቼ እንደተጨመረና ሳያቋርጡ ይወስዱት እንደሆነ ነው። ካርድዎ ጠፍቶ አዲስ ሲወጣልዎት ግን ነገሩ ሁሉ እንደገና ይጀመራል።

በኮምፒውተር የተያዘ መዝገብ የቀድሞውን ከዛሬው ጋር ያሳያል። ለምሳሌ ብዙ የስኳር ታማሚዎች የሚወስዱት ሜትፎርሚን ኩላሊት በጣም ሲደክም አይሰጥም። የኩላሊት ምርመራው ከመድኃኒቱ ዝርዝር ጋር አንድ ቦታ መታየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

በእኛ አስተያየት ከዚህም የሚበልጠው ጥቅም የጠፋውን ሰው ማግኘቱ ነው። የወረቀት ካርድ ባለቤቱ ሦስት ወር ቢቀር መደርደሪያ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 ህንድ ውስጥ ሥራ የጀመረውና ኋላም በባንግላዴሽና በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ የዋለው ሲምፕል የተባለው የሞባይል መዝገብ ግን ቀጠሮ ያለፈባቸውን ሰዎች ስም ለይቶ ያወጣል፤ ነርሷም ትደውላለች። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ስለማይሰማ «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒቱን የተወ ሰው ስትሮክ ሳይጥለው የሚገኘው እንዲህ ነው።

ለመደወል ታዲያ ትክክለኛ ስልክ ያስፈልጋል። ቁጥር ሲቀይሩ ያስመዝግቡ። ስምዎንም እስከ አያት ይናገሩ፤ «መሐመድ አሕመድ» የሚል ካርድ ስንት እንዳለ የካርድ ክፍል ሠራተኞችን መጠየቅ ነው!

ስኳር ያለበት ሰው ረመዷን ከመግባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ማለትም በረጀብ ወር፣ ሐኪሙን ቢያማክር ይመከራል። ሐኪሙ ያለፉትን 2 እና 3 ወራት የስኳር አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ የተባለ ምርመራ፣ የኩላሊቱን ሁኔታ፣ ስኳሩ በድንገት ወርዶ ያውቅ እንደሆነም አይቶ ጾሙ ምን ያህል እንደሚያሰጋው ይነግረዋል፤ የኢንሱሊኑንም መጠንና ሰዓት ከሱሑርና ከኢፍጧር ጋር ያስተካክላል። መዝገቡ የተሟላ ከሆነ ይህ በአንድ ቀጠሮ ሊያልቅ ይችላል።

በግል ክሊኒክ የተመረመሩት ውጤት ጤና ጣቢያው ኮምፒውተር ውስጥ በራሱ አይገባም፤ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። መብራት የሚጠፋበትም ቀን አለና የመድኃኒትዎን ስምና መጠን በትንሽ ደብተር ጽፈው ኪስዎ ውስጥ ይያዙ።