ፕሮሰሰሩ ራሱን ሲያፈጥን

ከፋብሪካ የሚወጣ ፕሮሰሰር ሊደርስበት ከሚችለው ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚሸጠው። አምራቹ በአንድ ስም ብዙ ቺፕ ስለሚያወጣ፣ ከመካከላቸው ደካማው እንኳ በሞቃትና በጠባብ ሳጥን ውስጥ ሳይሳሳት እንዲሠራ አስቦ ልኩን ይወስናል። ጠንካራው ቺፕ እንግዲህ ያልተነካ አቅም ይዞ ቤታችን ይገባል። ኦቨርክሎክ የሚያደርግ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካ ልኩ በላይ የሚያፈጥን ሰው የሚፈልገው ያንን አቅም ነው።

ድሮ ትርፉ ትልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የኢንቴል ሴለሮን 300ኤ የገዛ ሰው የማዘርቦርዱን ባስ ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርትዝ ከፍ በማድረግ ብቻ የ300 ሜጋኸርትዙን ርካሽ ቺፕ ብዙ ጊዜ በ450 ያስኬደው ነበር። ዛሬ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱንና የሚስበውን ኃይል እየለካ ፍጥነቱን ራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ለጀማሪ የሚተርፈው ጥቂት በመቶ ነው። እሱም ቢሆን ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው።

የኤኤምዲን ራይዘን 5 5600ኤክስ እንውሰድ። 6 ኮር አለው፤ መነሻው 3.7፣ ጣሪያው 4.6 ጊጋኸርትዝ ነው፤ በፋብሪካ ልኩ ከ76 ዋት በላይ አይስብም። ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ውስጥ ፕሪሲዥን ቡስት ኦቨርድራይቭ የሚለው ሲበራ የዋቱ ገደብ ከፍ ይላል፤ የፍጥነቱም ጣሪያ እስከ 200 ሜጋኸርትዝ ሊጨመር ይችላል። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ያቆማል። ፋኑ አብሮት የሚመጣው ትንሹ ከሆነ ግን ሙቀቱ ወደ 95 ዲግሪው ገደብ ይጠጋና ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን መልሶ ይቀንሳል። እንደ አዲስ አበባ ከፍ ባለ ቦታ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት ከባሕር ጠረፍ ያንሳል፤ ክፍሉ ቀዝቀዝ ማለቱ ጥቂቱን ቢክስም።

ዋናው ጥበብ ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ ለማፍጠን ቮልቴጁን መቀነስ። ቺፑ የሚበላው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ስለዚህ ቮልቴጁ 5 በመቶ ሲወርድ ኃይሉ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። በዚያ የተረፈውን ሙቀትና ዋት ፕሮሰሰሩ ወዲያው ወደ ፍጥነት ይለውጠዋል። ይህን የሚያስተካክለው ከርቭ ኦፕቲማይዘር ይባላል፤ ለእያንዳንዱ ኮር እስከ 30 ደረጃ ድረስ ይቀንሳል። ራይዘን ማስተር የተባለው የኤኤምዲ ሶፍትዌር ኮሮቹን አንድ በአንድ እየፈተነ ቁጥሩን ራሱ ሊያወጣ ይችላል፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ከዚያ ግን ውጤቱን ሁለት ሦስት ደረጃ መልሶ ማላላት ደግ ነው።

ምክንያቱም ፈተናው ያታልላል። ሁሉም ኮር በአንድ ላይ ሲጨነቅ ፍጥነቱ ዝቅ ስለሚል የተቀነሰው ቮልቴጅ ይበቃዋል፤ ሲኔቤንች የተባለውን የፍጥነት መፈተኛ ያለ ችግር ይጨርሳል፣ ሰውም አበቃ ብሎ ይተኛል። በማግስቱ ኮምፒዩተሩ ሥራ ሲቀልለት፣ አንድ ኮር ብቻውን ወደ ጣሪያው ሲዘል፣ ስክሪኑ ድንገት ይጠፋና እንደገና ይነሣል። ከዚህም የሚብሰው ሳይጠፋ ፋይል የሚያበላሸው ስሕተት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻው የሚፈትን እንደ ኮርሳይክለር ያለ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ማስኬድ ያስፈልጋል፤ ስሕተት ያሳየውን ኮር ብቻ ትንሽ ማላላትና እንደገና መሞከር። ይህ ትዕግሥት የሌለው ሰው የፋብሪካውን ልክ ባይነካ ይሻለዋል፤ አስፈላጊ ፋይሉን ሌላ ቦታ ሳይገለብጥ የሚጀምርም እንዲሁ።

ኤኤምዲ በራሱ ሶፍትዌር የተደረገ ኦቨርክሎክ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ዋስትና አይሰጥም። ኮምፒዩተሩ ጭራሽ አልነሣ ካለ ደግሞ ከኤሌክትሪክ ነቅሎ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ባዮሱን ወደ ፋብሪካ ልኩ ይመልሰዋል።