ስለ ቴሌቪዥን መቅረጫ መሣሪያና ስለ ቤታችን ሰዓት

ሰው ለቤቱ ዕቃ ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ዳሩ ግን ከገንዘብ ሌላ ዋጋ የሚያስከፍል ዕቃም አለ፤ ዋጋውም የቤተ ሰብ ሰዓት ነው። ቴሌቪዥን ከነዚህ ዕቃዎች አንዱ ነው። ዜናው ራት በሚቀርብበት ሰዓት ይጀምራል፤ የኳስ ግጥሚያው በቅዳሴ ሰዓት ይመጣል፤ ታላላቆች የሚወዱት ፊልምም ልጆች ከሚተኙበት ጊዜ ጋር ይጋጫል። በዚህም ምክንያት ብዙ ቤት ሳያስበው ሰዓቱን ለቴሌቪዥን አስረክቦ ይገኛል።

ይህን ለማቃናት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ዲቪአር የሚባለው የቴሌቪዥን መቅረጫ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ አገር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል በቤታቸው የኬብል ቴሌቪዥን ላላቸው፥ መሣሪያውን እንዴት እንደሚተክሉትና ለምን ጥቅም እንደሚያውሉት ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ነገሩ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። የኬብል ቴሌቪዥን በአሜሪካ የተጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። በተራራ መካከል ያሉ ከተሞች በአየር የሚመጣውን ሥርጭት አጥርተው ለማየት ስላልቻሉ፥ በከፍታ ቦታ ላይ ትልቅ አንቴና ተከሉና ከዚያ ወደየቤቱ ሽቦ ዘረጉ። ተንቀሳቃሽ ሥዕልን በማግኔት ጥብጣብ ላይ የሚቀርጸውን መሣሪያ ደግሞ አምፔክስ የተባለው ኩባንያ በ1956 ዓ.ም. አሳየ፤ ይህ ግን ለማሠራጫ ጣቢያ እንጂ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን አልነበረም። ሶኒ በ1975 ዓ.ም. ቤታማክስን፥ ጄቪሲ በ1976 ዓ.ም. ቪኤችኤስን ካወጡ በኋላ የቪዲዮ ካሴት በየቤቱ ገባ። የፊልም ኩባንያዎች በዚህ ተቈጥተው ሶኒን ከሰሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1984 ዓ.ም. አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፥ ሰው በቤቱ ሆኖ አንድን ፕሮግራም በሌላ ሰዓት ለማየት ቢቀርጽ ሕግ አልተላለፈም ሲል ፈረደ። በ1999 ዓ.ም. ቲቮና ሪፕሌይ ቲቪ የተባሉት መሣሪያዎች ለገበያ ሲቀርቡ ካሴቱ ቀርቶ በሃርድ ዲስክ ላይ መቅረጽ ተጀመረ። የዛሬው ዲቪአር የእነዚህ ተከታይ ነው።

መሣሪያውን ከማስገባት በፊት ኩባንያውን መጠየቅ ያሻል። የመሣሪያው የወር ኪራይ ስንት ነው? ለመቅረጹ አገልግሎት ሌላ ክፍያ አለበትን? በአንድ ጊዜ ስንት ጣቢያ ይቀርጻል? የተቀረጸው በሌላው ክፍል ባለው ቴሌቪዥን ላይ ይታያልን? ቀረጻው የሚቀመጠውስ በመሣሪያው ውስጥ ነው ወይስ በኩባንያው ማከማቻ? ይህን አስቀድሞ የጠየቀ ሰው የወሩ ሒሳብ ሲመጣለት አይደነግጥም።

ወደ ተከላው ስንመጣ፥ አንደኛው ነገር ቦታ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ያለ ዕረፍት ስለሚዞር ይሞቃል። ስለዚህ አየር በሚያገኝበት ክፍት መደርደሪያ ላይ እንጂ በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ሊቀመጥ አይገባም። እናቶቻችን ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን በዳንቴል ማልበስ ቢወዱም፥ ይህን መሣሪያ ግን ራቁቱን መተው ይሻላል።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። ከግድግዳው የሚወጣው ክብ የኬብል ሽቦ በመሣሪያው ጀርባ ካለው መግቢያ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ በደንብ ይጠብቃል። ሽቦው ወደ ብዙ ክፍል በማከፋፈያ የተከፈለ እንደ ሆነ፥ በየመከፋፈሉ ኃይሉ ስለሚቀንስ ሥዕሉ ሊቆራረጥ ይችላል። ቀጥሎ ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ከመሣሪያው ወደ ቴሌቪዥኑ ይሰካል፤ በቴሌቪዥኑ ሪሞትም ገመዱ የገባበት ቀዳዳ ቍጥር ይመረጣል። ብዙ ሰው «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ የሚደውለው ይህችን ቍጥር ሳይመርጥ ቀርቶ ነው።

ሦስተኛው ማስመዝገብ ነው። ኩባንያው የመሣሪያውን መለያ ቍጥር በደንበኛው ስም እስኪያስገባ ድረስ ጣቢያዎቹ አይከፈቱም። ከተከፈቱም በኋላ የፕሮግራሙ ዝርዝር ተሟልቶ እስኪታይ ጊዜ ስለሚወስድ፥ በመካከል ትዕግሥት አጥቶ ከመብራት መንቀል አይገባም።

ከዚህ በኋላ ወገኖቻችን በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሰዓቱ አቈጣጠር ነው። ዝርዝሩ የተጻፈው በአሜሪካ አቈጣጠር ስለ ሆነ፥ እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ጧት የተባለው በእኛ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። እኛ የቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል የምንለውም በእነርሱ ዘንድ የእሑድ ሆኖ ይጻፋል፤ ስለዚህ በቅዳሜ ሥር የሚፈልገው ሰው አያገኘውም። በቤት ውስጥ አያት ወይም አጎት በአገር ቤት ሰዓት «በሦስት ሰዓት ቅረጹልኝ» ቢሉ፥ ልጁ ጧት ነው ወይስ ማታ፥ በማንኛውስ አቈጣጠር ነው ብሎ ይጠይቃቸው።

ሰዓቱን በቍጥር ከማስገባት ይልቅ ፕሮግራሙን ከዝርዝሩ መርጦ ማስቀረጽ የሚሻለውም ስለዚህ ነው። ለምሳሌ የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የእሑድ ግጥሚያ በለንደን በስምንት ሰዓት ከቀትር በኋላ ሲጀመር፥ በዋሽንግተን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሁሉንም በአገራችን አቈጣጠር መናገራችን ነው። ሁለቱ አገሮች ሰዓታቸውን የሚያዛውሩበት ቀን ግን የተለያየ ስለ ሆነ፥ በመጋቢትና በጥቅምት አንዳንድ እሑድ ግጥሚያው በአንድ ሰዓት ይዘገያል። በዝርዝሩ የተያዘው ቀረጻ ይህን ተከትሎ ይሄዳል፤ በቍጥር የተያዘው ግን ይስተዋል። ደግሞም ጨዋታ ከተመደበለት ጊዜ ሊያልፍ ስለሚችል፥ የቀረጻውን መጨረሻ በግማሽ ሰዓት ማራዘም ጥሩ ነው፤ አለዚያ የመጨረሻዋ ጎል ሳትታይ ትቀራለች።

እንግዲህ ይህ የእሑድ ጧት ግጥሚያ በየቤቱ የሚያመጣውን ክርክር የማያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ወጣቱ ኳሱ እንዳያመልጠው ከቅዳሴ ይቀራል፤ ወይም በሥጋው ቆሞ ልቡ ከሜዳው ይውላል። መሣሪያው ቅዳሜ ማታ ቢዘጋጅ ግን እናት «ይቀረጽልሃል፤ ስንመለስ በልተን አብረን እናየዋለን» ለማለት ትችላለች። ልጁም ውጤቱን በስልኩ አስቀድሞ ካላየ በቀር ከደስታው የሚጐድልበት የለም። እንግዳ በመጣ ጊዜም እንዲሁ ነው፤ ማቆያውን ቁልፍ ተጭኖ ሥዕሉን ማቆም ስለሚቻል፥ እንግዳን በቴሌቪዥን ጩኸት መካከል መቀበል ምክንያት የለውም። ሥዕሉ ቆሞ ሳለ ጣቢያ ቢለወጥ ግን የቆየው ሊጠፋ እንደሚችል ማወቅ ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ጥቅም ብቻ ያለው አይምሰለን። ከአንድ ተከታታይ ታሪክ ሁሉን ክፍል ቅረጽ ብለን ካዘዝነው አሮጌውንም አዲሱንም ይሰበስባል፤ በጥቂት ሳምንትም ውስጥ ማንም ሊያየው የማይችል የሰዓት ክምር ይሆናል። ያን ጊዜ ከሰዓት ባርነት ያወጣናል ያልነው ዕቃ ራሱ ባለ ዕዳ ያደርገናል። ስለዚህ አዲሱን ብቻ እንዲቀርጽ ማዘዝ፥ በሳምንት አንድ ቀን ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ የማያየውን መደምሰስ፥ ለልጆች የማይገባውንም በምስጢር ቍጥር መዝጋት ይገባል። ደግሞ የኪራይ መሣሪያ ሲመለስ በውስጡ የተቀረጸው አብሮ ስለሚሄድ፥ ለመታሰቢያ የሚፈለግ ነገር በዚያ ብቻ ሊታመን አይገባም።

ወላጆች ሆይ! ሽቦውን የሚሰካ ባለሙያ አይጠፋም፤ ምን እንደሚቀረጽ፥ መቼስ እንደሚታይ የሚወስነው ግን የቤቱ ባለቤት ነው። አባት፥ እናትና ልጆች ተቀምጠው የራቱን፥ የጥናቱን፥ የጸሎቱንና የእንቅልፉን ሰዓት አስቀድመው ይወስኑ፤ ከዚያ የተረፈውን ለቴሌቪዥን ይስጡት። መሣሪያው የታዘዘውን ይጠብቃልና፥ ቤተ ሰብ እርሱን የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።