ደረሰኝ የሚቀመጥበትን ፎልደር አስቀድሞ ስለ ማሰናዳት

ለንግድ ቤቱ የደረሰኝ መመዝገቢያ ፕሮግራም በቪዡዋል ቤዚክ መጻፍ የሚጀምር ሰው፣ ደረሰኙ የሚቀመጥበትን ፎልደር አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባዋል። ፎልደሩ ከሌለ ፕሮግራሙ ፋይሉን የሚያኖርበት ስፍራ አጥቶ ይቆማል፤ የዕለቱም ሽያጭ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል።

«ኤምኬዲር» የተባለው የቀድሞው ትእዛዝ፣ ፎልደሩ አስቀድሞ ተፈጥሮ ከቈየ፣ 75 ቁጥር ስሕተት ያስነሣል፤ ስለዚህ መኖሩን በቅድሚያ መጠየቅ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ከወጣው ዶት ኔት ጋራ የመጣው «ዳይሬክቶሪ ዶት ክሬትዳይሬክቶሪ» ግን የጐደለውን ፎልደር ከነበላዮቹ ይፈጥራል፤ ካለም ሳይነካው ያልፋል። እንግዲህ ፋይሉ ከመጻፉ በፊት ይህን አንድ መስመር ማስቀደም ይበቃል።

ሆኖም በዚያው ስም የተሰየመ ፋይል ካለ፣ ወይም በስፍራው ለመጻፍ ፈቃድ ከሌለ፣ ይህም ትእዛዝ ይሰናከላል። ስለሆነም ፕሮግራሙ ምክንያቱን ለገንዘብ ተቀባዩ በግልጽ አማርኛ እንዲያስታውቅ ማድረግ ያስፈልጋል።