ሞተሩ ታሟል ወይስ እንጦጦ ነው?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወስደውን ዳገት የወጣችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ሞተር ይፈትናል። የአባቴ አሮጌ ሆንዳ ደግሞ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ያስለው ይጀምራል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ድርግም። እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት እናቶች «አይዞህ ልጄ» እያሉኝ ያልፋሉ። እነሱ ያን ሁሉ ሸክም ይዘው እኔን ያጽናኑኛል!

አንድ ጋራዥ «የፒስተን ሪንጉ ሄዷል» አለኝ። ከፍዬ አስቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ቀጥዬ ዩቲዩብ አየሁና ካቻቢቴ ይዤ ያገኘሁትን ብሎን ሁሉ አዞርኩ። ባሰበት። በመጨረሻ አባቴ ለዓመታት ሥራ የሄደበትን፣ እኔንም ትምህርት ቤት ያደረሰኝን ሞተር ለቁራሌ ልሸጠው ዋጋ መነጋገር ጀመርኩ።

ያተረፉት ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ገና ሳይነኩት «ከተማ ውስጥስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው ጋሼ፣ ቤንዚን ይበላል እንጂ።»

ካንዴላውን ፈትተው አሳዩኝ፤ ጥላሸት ለብሷል። «ሞተሩ አልደከመም ልጄ፤ ቤንዚን በዝቶበት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቡሬተር ቤንዚንና አየር ያደባልቃል፤ ለ1 ግራም ቤንዚን ወደ 15 ግራም አየር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። አዳዲሶቹ ባለኮምፒውተር ሞተሮች ይህን አውቀው ቤንዚኑን ይቀንሳሉ። አሮጌ ካርቡሬተር ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል።

«እና ጥፋቱ የተራራው ነው?» አልኳቸው።

«ታዲያ ሌላው ሞተር እንዴት ይወጣል? ተራራው በሽታውን አጋለጠው እንጂ አላመጣውም።»

በሽታው የቤንዚኑ ከፍታ ነበር። ካርቡሬተር ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምበት ትንሽ ጽዋ አለው። ውስጡ ተንሳፋፊ አለ፤ ሮቶ ሲሞላ ውሃውን እንደሚዘጋው ኳስ ማለት ነው። ቤንዚኑ ከፍ ሲል ተንሳፋፊው ይነሳና በመርፌ መሳይ ቫልቭ መግቢያውን ይዘጋል። ዘግይቶ ከዘጋ ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ይቆማል፤ ሞተሩም አብዝቶ ይስባል። ከተማ ውስጥ ይህን ችሎት ነበር። ዳገቱና የሳሳው አየር ሲጨመሩ አቃተው።

ልኬታው ቀላል ነው። ሞተሩ ይጠፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጽዋው ማፍሰሻ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ጎማ ይሰካል፤ ጫፉ ወደ ላይ ተደርጎ ከካርቡሬተሩ ጎን ይያዛል። ማፍሰሻው ላላ ሲደረግ ቤንዚኑ ጎማው ውስጥ ወጥቶ ጽዋው ውስጥ ያለውን ከፍታ ያሳያል። ልኩ በየካርቡሬተሩ ስለሚለያይ ማንዋሉን ማየት ግድ ነው። የእኔ 4 ሚሊ ሜትር በልጦ ተገኘ።

ጋሼ መጀመሪያ መርፌዋን አወጡ፤ ጫፏ ተበልቷል። በአዲስ ቀየሯት። ከዚያ ተንሳፋፊው ላይ ያለችውን ቀጭን የብረት ምላስ በጥቂቱ አጠፍ አድርገው እንደገና ለኩ። ተንሳፋፊው ሙሉ ፕላስቲክ ከሆነ ግን አይታጠፍም፤ ይቀየራል።

ይህን የምነግራችሁ ነገሩ ከጭስ ስለሚያልፍ ነው። የሚተርፈው ቤንዚን ወደ ሞተሩ ዘይት ከገባ ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ ሞተሩንም ይበላል። ሜዳ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ እሳት ነው፤ ስለዚህ ሥራው ደጅ፣ ከሲጋራና ከእሳት ርቆ ይሁን። አብዝቶ ዝቅ ማድረግም አደጋ አለው፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ፒስተኑ ይጎዳል። ለደጋ ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር ቆላ ሲወርድ እንደገና መታየት አለበት።

ስልካችሁ ላይ ያለው ቪዲዮ የሚያሳያችሁ የሌላ ሰው ሞተር ነው፣ ምናልባትም ባሕር ዳር የቆመ። ብሎን ከማዞራችሁ በፊት የራሳችሁን ለኩ፤ የለካችሁትንም ፎቶ አንሡት።

ቅዳሜ አባቴን ከኋላ ጭኜ ማርያም ደረስኩ። በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ እያልን፣ ግን ሳንቆም። አባቴ ወርዶ ሞተሩን መታ መታ አደረገውና «ቁራሌው ምን ያህል ነበር ያለህ?» አለኝ። አልነገርኩትም።